ልብን በእንቅስቃሴና በምስል መመርመር
ለድሬዳዋ ከተማና ለአካባቢዋ ኅብረተሰብ የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

የኮሮና ቫይረስ በሽታ (ኮቪድ-19) በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ መገኘቱ የተረጋገጠው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ኅብረተሰቡ ስለ ሳንባና ስለ አተነፋፈስ ብዙ ትምህርት አግኝቷል። በሽታው ልብንም ሊነካ እንደሚችልና አስቀድሞ የልብ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ እንደሚከፋ ግን በዚያው መጠን አልተነገረም።

በዚህ ምክንያት ሁለት ተቃራኒ ጉዳቶች ይደርሳሉ። አንዳንዱ ደረቱን እየጫነው፣ ትንፋሹ እያጠረው፣ «ሆስፒታል ብሄድ ኮሮና ይይዘኛል» ብሎ እቤቱ ይቀራል። ሌላው ደግሞ ከበሽታው ካገገመ በኋላ ትንሽ ድካም ሲሰማው ያለውን ጥሪት አሟጦ፣ ማንም ሐኪም ያላዘዘለትን ትልቅ ምርመራ ፍለጋ ከከተማ ወደ ከተማ ይጓዛል። የመጀመሪያው ሕይወቱን፣ ሁለተኛው ሀብቱንና የአእምሮ ሰላሙን ለአደጋ ያጋልጣል።

የዚህ ትምህርት ዓላማ ልብ በእንቅስቃሴና በምስል እንዴት እንደሚመረመር ማስረዳትና ከእነዚህ ምርመራዎች የትኛው ለማን፣ መቼና ለምን እንደሚያስፈልግ ማሳወቅ ነው። የትምህርቱ ዋና መልእክት አንድ ነው፤ እርሱም ማንኛውም ምርመራ ለአንድ የታወቀ ጥያቄ መልስ መስጫ መሆኑ ነው። ጥያቄው ሳይለይ የሚደረግ ምርመራ ከመፍትሔ ይልቅ ጭንቀት ያመጣል፤ ጥያቄው ከተለየ በኋላ የሚዘገይ ምርመራ ደግሞ ሕይወት ያሳጣል።

ልብ በዕረፍትና በሥራ ላይ

የአዋቂ ሰው ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ በአንድ ደቂቃም 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ጤነኛ ሰው በብርቱ ሲሮጥ ወይም ከባድ ሸክም ይዞ ዳገት ሲወጣ ይህ መጠን እስከ 20 ሊትር ሊደርስ ይችላል። ይህም በእያንዳንዱ ደቂቃ አንድ ትልቅ ጀሪካን እንደመሙላት ነው። ሥራው በዚህን ያህል ሲበዛ የልብ ጡንቻ ራሱ ተጨማሪ ደምና ኦክስጅን ይፈልጋል።

የልብ ጡንቻን የሚመግቡት የደም ቧንቧዎች የጠበቡበት ሰው፣ በዕረፍት ላይ ሳለ ምንም ላይሰማው ይችላል። የጠበበው ቧንቧ ለተቀመጠ ሰው የሚበቃውን ደም ያሳልፋል፤ ለሚሠራ ሰው ግን አይበቃም። አንዳንድ የልብ ሕመሞች ተቀምጠው ሲመረመሩ ተሰውረው የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። ልብን ሥራ አስጀምሮ መመልከት የተፈለገውም ለዚሁ ነው።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ሦስት ሰዎችን በምሳሌነት እንውሰድ። የመጀመሪያው በቀፊራ ገበያ ጆንያ የሚያወርድና የሚጭን የ50 ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ሸክም ሲይዝ ደረቱን ይጫነዋል፣ ዕረፍት ሲያደርግ ይተወዋል። ሁለተኛዋ የ19 ዓመት ተማሪ ናት፤ በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር፣ አሁን ደረጃ ስትወጣ ከእኩዮቿ ቀድማ ትንፋሽ ያጥራታል። ሦስተኛው የ24 ዓመት የሰፈር ቡድን ተጫዋች ነው፤ ከኮቪድ-19 አገግሞ ወደ ኳስ ሜዳ ሊመለስ ሲያስብ ልቡ ድው ድው ይልበታል። ሦስቱም «ልቤ ይታይልኝ» ይላሉ። ለሦስቱ የሚያስፈልገው ምርመራ ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

የመጀመሪያው ምርመራ መጠየቅ ነው

ከማንኛውም ማሽን በፊት የሚቀድመው ጤና ባለሙያው የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ናቸው። ሕመሙ መቼ ጀመረ? በሥራ ጊዜ ነው ወይስ በዕረፍት? ስንት ደቂቃ ይቆያል? ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ ይዛመታል? ራስን መሳት አለ? ሲተኙ ትንፋሽ ያጥራል? እግር ያብጣል? ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው አለ? የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም፣ ሲጋራ፣ ጫት? እነዚህን በትክክል መመለስ ታካሚው ለራሱ ሊያደርግ ከሚችለው ሁሉ የበለጠ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፣ እውነቱን የሸሸገ ሰው ባለሙያውን ወደ ተሳሳተ መንገድ ይመራዋል።

ቀጥሎ የልብ ምት፣ የደም ግፊትና በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን ይለካል፤ ልብና ሳንባም በማዳመጫ ይደመጣሉ። የትንፋሽ ማጠርና ድካም ሁልጊዜ ከልብ የሚመጣ አይደለም። የደም ማነስ፣ አስም፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የእንቅርት ሕመምና ከፍተኛ ጭንቀትም ተመሳሳይ ስሜት ያመጣሉ። ስለዚህ ቀላል የደም ምርመራና የደረት ራጅ ብዙ ጊዜ ከትልልቆቹ ምርመራዎች ይቀድማሉ።

ኤሌክትሮካርዲዮግራም (ኢሲጂ) የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ የሚያሰፍር ምርመራ ነው። ሕመም የለውም፤ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። የልብ ምት መዛባትንና የልብ ጡንቻ ጉዳትን ያመለክታል። ይሁን እንጂ የሚያሳየው በዚያች ቅጽበት ያለውን ሁኔታ ነው። የጆንያ ጫኙ ኢሲጂ ተጋድሞ ሲነሣ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን ሸክም ሲይዝ የሚሰማው ስሜት ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ጥያቄው «ልብህ ሲሠራ ምን ይሆናል?» ስለሆነ መልሱም ከሥራ ላይ መፈለግ አለበት።

የእንቅስቃሴ ምርመራ

ልብን በሥራ ላይ የመፈተን ሐሳብ የተጀመረው ውድ በሆነ ማሽን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1929 አሜሪካዊው ሐኪም አርተር ማስተርና የሥራ ባልደረባው ታካሚዎቻቸውን ባለሁለት ደረጃ መወጣጫ ላይ እያመላለሱ የልብ ምታቸውንና የደም ግፊታቸውን ይለኩ ነበር። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት በመራመጃ ማሽን (ትሬድሚል) የሚደረገው የብሩስ ሥርዓት ደግሞ ስሙን ያገኘው ከሮበርት ብሩስ ነው፤ እርሱም አሜሪካዊ ሐኪም ነበር።

በዚህ ምርመራ የኢሲጂ ተለጣፊዎች በታካሚው ደረት ላይ፣ የግፊት መለኪያው በክንዱ ላይ ይደረጋል። ማሽኑ በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዝግተኛ ፍጥነትና በመጠነኛ ዳገት ይጀምራል። በየ3 ደቂቃው ፍጥነቱም ዳገቱም ይጨምራል፤ በሁለተኛው ደረጃ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር፣ በሦስተኛው 5.5 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ባለሙያው ኢሲጂውን፣ የደም ግፊቱንና የታካሚውን ስሜት ያለማቋረጥ ይከታተላል። የደረት ሕመም፣ ማዞር፣ የግፊት መውረድ ወይም አደገኛ የኢሲጂ ለውጥ ሲታይ ምርመራው ወዲያውኑ ይቆማል። ታካሚውም «በቃኝ» የማለት መብት አለው።

ልብ በቂ ሥራ መሥራቱ የሚገመተው በተለመደው ስሌት ነው፤ ከ220 ላይ ዕድሜ ተቀንሶ ከሚገኘው ቁጥር 85 በመቶ መድረስ ይጠበቃል። ለ50 ዓመቱ ጎልማሳ ከፍተኛው ግምት በደቂቃ 170 ምት ሲሆን 85 በመቶው ወደ 145 ገደማ ነው። የልብ ምትን የሚያዘገዩ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው እዚህ ቁጥር ላይ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ዝርዝር ይዘው ይቅረቡ፤ ሐኪሙ ሳያዝ ግን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ።

በመራመጃ ማሽን ላይ መሄድ ለማይችሉ፣ እንዲሁም የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ቀለል ያለ አማራጭ አለ። ይህም የ6 ደቂቃ የእግር ጉዞ ምርመራ ነው። 30 ሜትር ርዝመት ባለው ኮሪደር ላይ በ6 ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል ሜትር እንደተጓዙ፣ የኦክስጅን መጠንዎና የልብ ምትዎ እንዴት እንደተለወጠ ይመዘገባል። ማሽን የሌለው ጤና ተቋምም ሊያደርገው የሚችል ጠቃሚ ምርመራ ነው። የቧንቧ መጥበብን ለመለየት ግን አያገለግልም፤ የሚለካው ሰውየው ያለውን አቅም ነው።

የእንቅስቃሴ ምርመራ ውስንነት እንዳለው ማወቅ ይገባል። በኢሲጂ ብቻ የሚከናወነው የቧንቧ መጥበብ ካለባቸው ሰዎች ሦስት አንድ ያህሉን ሳያገኛቸው ሊያልፍ ይችላል። በሌላ በኩል ሕመም የሌለበትን፣ በተለይ ወጣትና ምልክት የሌለውን ሰው «ታማሚ» ብሎ የማስደንገጥ ዕድልም አለው። ስለሆነም «ለማንኛውም ልሞክረው» ተብሎ የሚደረግ አይደለም። ውጤቱ ትርጉም የሚኖረው ከታካሚው ስሜት፣ ከዕድሜውና ከሌሎች የአደጋ መንሥኤዎች ጋር ተዛምዶ ሲታይ ነው።

የሚከተሉት ሰዎች የእንቅስቃሴ ምርመራ ማድረግ የለባቸውም፦
• ትኩሳት ወይም ማንኛውም አጣዳፊ ኢንፌክሽን ያለባቸው፤
• የደረት ሕመማቸው በዕረፍት ጊዜ የሚመጣ ወይም ከቀን ወደ ቀን እየባሰ ያለ፤
• የልብ ጡንቻ ወይም የልብ ሽፋን መቆጣት ያለባቸው፤
• ለዕለቱ ያልተረጋጋ የልብ ድካም ወይም አደገኛ የልብ ምት መዛባት ያለባቸው፤
• የልብ መውጫ በራቸው በጣም የጠበበና ምልክት የሚያሳይ።

እነዚህ ሰዎች አስቸኳይ ሕክምና እንጂ ፈተና አያስፈልጋቸውም። ጆንያ ጫኙም ቢሆን ሕመሙ በዕረፍት ጊዜ መምጣት ከጀመረ፣ የሚጠብቀው የምርመራ ቀጠሮ ሳይሆን የድንገተኛ ክፍል ነው።

የምስል ምርመራ

የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) በጆሮ በማይሰማ ድምፅ አማካይነት የልብን ቅርጽና እንቅስቃሴ በስክሪን ላይ የሚያሳይ ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በስዊድን ሉንድ ከተማ ኢንገ ኤድለርና ሄልሙት ኸርትዝ የጀመሩት ይህ ዘዴ ጨረር የለውም፤ ለሕፃንም ለነፍሰ ጡርም ይደረጋል። ታካሚው በግራ ጎኑ ይተኛል፤ ባለሙያው ደረቱ ላይ ጄል ቀብቶ መመርመሪያውን ያንቀሳቅሳል። የልብ ክፍሎች ስፋት፣ የጡንቻው ብርታት፣ የልብ በሮች (ቫልቮች) አከፋፈትና አዘጋግ፣ በልብ ዙሪያ የተጠራቀመ ፈሳሽ ካለ እርሱም ይታያል።

በኢኮ ውጤት ላይ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት አንድ ቁጥር አለ። እርሱም ልብ ከሞላው ደም በእያንዳንዱ ምት በመቶ ስንቱን እንደሚረጭ የሚያመለክተው «ኢጄክሽን ፍራክሽን» ነው። ጤነኛ ልብ የያዘውን ደም በሙሉ አይረጭም፤ ከ55 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ይረጫል። ስለዚህ 60 የሚል ውጤት ያገኘ ሰው «ልቤ 40 በመቶ ደክሟል» ብሎ ማሰብ የለበትም። ቁጥሩ የትምህርት ቤት ፈተና ውጤት አይደለም፤ 60 የጤነኛ ልብ ልክ ነው።

በምሳሌያችን ያነሣናት ተማሪ የሚያስፈልጋት ይህ ምርመራ ነው። በአገራችን የልጆችንና የወጣቶችን ልብ ከሚጎዱ ሕመሞች ዋነኛው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። መነሻው በልጅነት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣና በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ የራሱን የልብ በሮች ይጎዳል፤ በሮቹ ይጠብባሉ ወይም በደንብ መዝጋት ያቅታቸዋል። ይህን የሚገልጠው ኢኮ እንጂ የመራመጃ ማሽን አይደለም። በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን እስከ ግማሽ ያህል ስለሚጨምር ሳይታወቅ የኖረ የበር መጥበብ በዚያን ወቅት በድንገት ሊከፋ ይችላል። ስለዚህ ትንፋሽ የሚያጥራት ነፍሰ ጡር ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ ይህንኑ መናገር ይኖርባታል።

ይህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወስዳሉ። ወረርሽኙን በመፍራት መርፌውን ማቋረጥ ሕመሙ እንዲያገረሽና በሮቹ የባሰ እንዲጎዱ ያደርጋል። ቀጠሮዎን አይዝለሉ፤ ጤና ጣቢያው የሚጨናነቅበትን ሰዓት ጠይቀው ሰው በማይበዛበት ጊዜ ይሂዱ። ቀዶ ሕክምና ለሚያስፈልጋቸው ልጆች፣ በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት ባደረገው ጥረት፣ በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። ይሁን እንጂ ሕመሙ ቀድሞ ከታወቀ ብዙዎች ወደዚያ ደረጃ ሳይደርሱ ሊጠበቁ ይችላሉ።

ሌሎች የምስል ምርመራዎችም አሉ። ከእንቅስቃሴ ጋር የሚደረግ ኢኮ፣ የልብ ጡንቻ በሥራ ላይ የትኛው ክፍሉ እንደሚደክም ያሳያል። የልብ ቧንቧዎች ሲቲ ስካን መድኃኒት በደም ሥር ተሰጥቶ የቧንቧዎችን መጥበብ ያሳያል፤ ጨረር ስላለው እርግዝናን፣ መድኃኒቱም ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል የኩላሊት ሕመምን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ኤምአርአይ በመግነጢስ የሚሠራ ሲሆን የልብ ጡንቻ መቆጣትንና ጠባሳን በጥራት ያሳያል፤ በሰውነቱ ውስጥ የብረት ነገር ወይም የልብ ምት ማስተካከያ ያለው ሰው ይህንኑ ማሳወቅ አለበት። እነዚህ በሁሉም ከተሞች የሚገኙ ምርመራዎች አይደሉም፤ የሚታዘዙትም ቀላሎቹ ምርመራዎች ያልመለሱት ጥያቄ ሲኖር ነው።

ከኮቪድ-19 ካገገሙ በኋላ

በሐምሌ ወር 2012 ዓ.ም. በጀርመን ፍራንክፈርት የተሠራ አንድ ጥናት ዓለምን አሳስቦ ነበር። ከኮቪድ-19 ያገገሙ 100 ሰዎች በኤምአርአይ ሲታዩ በ78ቱ ልብ ላይ ለውጥ መገኘቱ ተገለጸ። በቀጣዩ ዓመት በለንደን በጤና ባለሙያዎች ላይ የተደረገ ጥናት በበኩሉ፣ በሽታው በቀላሉ ያለፈላቸውን ከያዛቸው ስድስት ወር በኋላ ካልተያዙት ጋር ሲያነጻጽር በልባቸው መካከል ልዩነት አላገኘም። ከዚህ የምንማረው በምስል ላይ የሚታይ ለውጥ ሁሉ ሕመም አለመሆኑን፣ ያልተነጻጸረ ውጤትም ከእውነታው በላይ ሊያስፈራ እንደሚችል ነው። በሽታው ቀላል የነበረበትና አሁን ምንም የማይሰማው ሰው ሁሉ የልብ ምስል ያስፈልገዋል ማለት አይደለም።

ሆኖም ከበሽታው በኋላ የደረት ሕመም፣ በትንሽ ሥራ የሚመጣ የትንፋሽ ማጠር፣ የማይቆም የልብ ድው ድው ማለት ወይም ራስን መሳት ከታየ መመርመር ግዴታ ነው። ቫይረሱ የልብ ጡንቻን ሊያስቆጣ፣ ደም እንዲረጋም ሊያደርግ ይችላል። የ24 ዓመቱ ተጫዋች አስቀድሞ ኢሲጂ፣ የደም ምርመራና ኢኮ ያስፈልገዋል። የልብ ጡንቻ መቆጣት ያለበት ሰው ቢሮጥ አደገኛ የልብ ምት መዛባት ሊደርስበት ስለሚችል፣ ይህ አለመኖሩ ሳይረጋገጥ በመራመጃ ማሽን ላይ አይወጣም፤ ወደ ሜዳም አይመለስም። መቆጣቱ ከተረጋገጠ ከ3 እስከ 6 ወር ከብርቱ ስፖርት መታቀብ ይመከራል።

አሳሳቢ ምልክት የሌለው ሰው ግን ወደ ሥራው ደረጃ በደረጃ ይመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው መመሪያ አምስት ደረጃዎችን ያስቀምጣል። በመጀመሪያ የአተነፋፈስ ልምምድና ሰውነትን ማፍታታት፣ ቀጥሎ ቀላል የእግር ጉዞና የቤት ውስጥ ሥራ፣ ከዚያ ፈጠን ያለ ጉዞና ደረጃ መውጣት፣ ቀጥሎ ሩጫ ወይም ብስክሌት፣ በመጨረሻም ወደ ቀድሞው እንቅስቃሴ መመለስ ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል፤ ከከበደ ወደ ቀድሞው ደረጃ ይመለሳል። ቀላል መለኪያው ንግግር ነው፤ እየተራመዱ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተዎት ፍጥነቱን ይቀንሱ።

በድሬዳዋ ልብ ሊባሉ የሚገቡ ጉዳዮች

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። በሙቀት ጊዜ ደም ወደ ቆዳ ስለሚሄድና ሰውነት በላብ ፈሳሽ ስለሚያጣ ልብ ለዚያው ሥራ የበለጠ ይመታል። ከሕመም ያገገመ ሰው የእግር ጉዞውን ማለዳ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ያድርግ፤ ከከዚራ ወደ መጋላ በቀትር ተጉዞ የተሰማውን ድካም የልብ ሕመም ነው ብሎ ለመደምደም አይቸኩል። በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር ወይም ከዚያ ከፍ ወዳለችው አዲስ አበባ የሚጓዝ የልብ ሕመምተኛ ደግሞ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ የትንፋሽ ማጠሩ ሊጨምርበት ይችላል፤ ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ለእንቅስቃሴ ምርመራ የተቀጠረ ሰው በዋዜማውና በዕለቱ ጫት አይቃም፤ በዕለቱ ሲጋራ አያጭስ፤ ቡና፣ ሻይና ቁጢ አይጠጣ። ከምርመራው በፊት ባሉት 3 ሰዓታት ከባድ ምግብ አይመገብ። በአጽዋማት ወይም በረመዳን ወቅት የተቀጠረ ሰው ሰውነቱ ውኃ አጥቶ ምርመራ እንዳያደርግና የመድኃኒት ሰዓቱ እንዳይዛባ ቀጠሮውን አስቀድሞ ከባለሙያው ጋር ያስተካክል። ጫት ቅሞ የመጣ ሰውም ከማፈር ይልቅ እውነቱን ይናገር፤ ቀጠሮው ይለወጥለታል እንጂ አይወቀስም።

በከተማችን በ2011 ዓ.ም. ክረምት የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ተከስቶ እንደነበር ይታወሳል። ወባና የደንጊ ትኩሳትም ይከሰታሉ። የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር የልብ ምት በደቂቃ 10 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ትኩሳት ያለበት ሰው ልቡ ቢፈጥን አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የትኩሳቱ ምንጭ ነው። ትኩሳት ሁሉ ኮሮና፣ የልብ ፍጥነት ሁሉም የልብ ሕመም አይደለም።

ምርመራ የሚጀመረው በአቅራቢያ ባለው ጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያው እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ሳቢያን ወይም ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ እነርሱም ወደ ሐረሩ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ወይም ወደ አዲስ አበባ ይልካሉ። የሪፈር ወረቀቱን ሲቀበሉ ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ፦ ይህ ምርመራ የሚመልሰው ጥያቄ ምንድን ነው? ውጤቱ ሕክምናዬን እንዴት ይለውጣል? ምርመራው እስኪደረግ ምን ልጠንቀቅ? መልሱን ያወቀ ሰው ገንዘቡንም ጉዞውንም በከንቱ አያጠፋም። ቀደም ሲል የተነሡ ኢሲጂና የኢኮ ውጤቶችንም ይዘው ይሂዱ።

በወረርሽኝ ጊዜ ምርመራ ማድረግ

በመራመጃ ማሽን ላይ ያለ ሰው በኃይል ስለሚተነፍስ በትንፋሹ የሚወጣው ጠብታ ይበዛል። በኢኮ ጊዜም ባለሙያውና ታካሚው ለረጅም ደቂቃዎች ተቀራርበው ይቆያሉ። በዚህ ምክንያት አስቸኳይ ያልሆኑ ምርመራዎች ሥርጭቱ በሚበረታበት ወቅት ሊዘገዩ ይችላሉ። የተቀጠረ ሰው ሳል፣ ትኩሳት ወይም የማሽተት አቅም ማጣት ከታየበት ከመሄዱ በፊት ስልክ ደውሎ ያሳውቅ። ጭምብል ያድርግ፤ እጁን ይታጠብ፤ ከአንድ በላይ አስታማሚ አያስከትል።

የደም ግፊት፣ የስኳርና የልብ መድኃኒቶችን ማቋረጥ አይገባም። በወረርሽኙ መጀመሪያ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ኮሮናን ያባብሳሉ የሚል ወሬ ተሰምቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች መድኃኒቱን ማቋረጥ እንደማያስፈልግ አሳይተዋል። የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የኮቪድ-19 ክትባት እንዲወስዱም ይመከራል።

ከዚህ በታች ያሉት ምልክቶች ሲታዩ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ወረርሽኙም ምክንያት አይሆንም፦
• ደረትን ጨምድዶ የሚይዝና በዕረፍት የማይተው ሕመም፣ በተለይ ላብና ማቅለሽለሽ ሲኖረው፤
• በድንገት የመጣ ወይም ተቀምጠው ሳለ የሚያስጨንቅ የትንፋሽ ማጠር፤
• ራስን መሳት፤
• የፊት መጣመም፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም የአንድ ወገን አካል መዛል፤
• የከንፈር ወይም የጣት ጫፍ መጥቆር።

በእነዚህ ጊዜያት ሰውየው ሥራውን አቁሞ ይቀመጥ፤ እየነዳ ወይም በእግሩ እየሄደ ወደ ሆስፒታል አይሞክር። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራ፤ አምቡላንስ ከዘገየ ቤተሰብ ወይም ጎረቤት በተገኘው ተሽከርካሪ ወዲያውኑ ያድርሰው። ስለ ኮቪድ-19 መረጃ ለማግኘት በነፃ የስልክ መስመር 8335 ይደውሉ። በልብ ቧንቧ መዘጋት ጊዜ የልብ ጡንቻ በየደቂቃው ይሞታል፤ ሆስፒታል ውስጥ ሊይዝ ይችላል ተብሎ ከሚፈራው በሽታ ይልቅ እቤት መቆየቱ ይገድላል።

ማጠቃለያ

የጆንያ ጫኙ ጥያቄ «ልቤ ሲሠራ ደም ይበቃዋል?» ነው፤ መልሱ በእንቅስቃሴ ምርመራ ይፈለጋል። የተማሪዋ ጥያቄ «የልቤ በሮች ደኅና ናቸው?» ነው፤ መልሱን ኢኮ ይሰጣል። የተጫዋቹ ጥያቄ «የልቤ ጡንቻ ተቆጥቷል?» ነው፤ እርሱ ከመሮጡ በፊት ዕረፍትና ጥንቃቄ የተሞላበት ምርመራ ያስፈልገዋል። ከሦስቱ አንዱ የሌላውን ምርመራ ቢያደርግ ወይ ሳይታወቅለት ይቀራል፣ ወይም ይጎዳል። ስለዚህ ኅብረተሰቡ «የትኛው ማሽን ይሻላል?» ከማለት በፊት ሕመሙን በግልጽ ለጤና ባለሙያ እንዲያስረዳ፣ የታዘዘለትን ምርመራ በጊዜው እንዲያደርግና የአደጋ ምልክት ሲያይ ለአፍታም እንዳይዘገይ ይመከራል።

ለቤተሰብ ውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በቤታችን የፔኒሲሊን መርፌውን ወይም የደም ግፊት መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው አለ? ምክንያቱ ምንድን ነው?
2. በሸክም፣ በዳገት ወይም በደረጃ ላይ ደረቱን የሚጫነው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው የቤተሰብ አባል ይህን ለጤና ባለሙያ ተናግሯል?
3. ሌሊት አንድ ሰው ደረቱን ጨምድዶ ቢይዘው ማን ስልክ ይደውላል? በየትኛው ተሽከርካሪስ ወደ ሆስፒታል ይደርሳል?